የልደት ጉዞ በብርድ ወራት፦ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱን አስቡበት

40ኛ፣ 50ኛ ወይም 60ኛ ዓመቱ በዲሴምበር፣ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ የሚውልበት፣ ልደቱንም ድንኳንና ስንቁን አዝሎ ሞቅ ባለ አገር በእግር ጉዞ ማክበር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ ነገር አለ፤ ቀኑ አይገፋም። ሌላ ጉዞ አየሩ ካልተመቸ ለሁለት ሳምንት ይራዘማል። ልደት ግን ያው ቀን ነው። ስለዚህ ቦታው፣ በቀን የሚሄዱት ርቀት፣ የሚጋበዘው ሰው ብዛት ሁሉ ለዚያ ቀን ይገዛል።

ቀጥሎ የሙቀቱ ነገር አለ። ብዙ ሰው ቦታ የሚመርጠው የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት አይቶ ነው፤ 18 ዲግሪ የሚል ካየ ቲሸርትና ስስ ጃኬት ይዞ ይነሣል። በዚያ ወቅት ግን በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ ሞቃት በሚባሉት ቦታዎችም ቢሆን፣ የቀኑ ብርሃን 10 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው 14 ሰዓት ጨለማ ነው። አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር ደግሞ ፀሐይ እንደገባች ሙቀቱ ይሸሻል፤ ቀን 18 የነበረው ሌሊት 2 ወይም 3 ዲግሪ ይሆናል፣ ውርጭም ይጥላል። እኛ ጉዞውን የምናቅደው ለ14ቱ ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሲንዘፈዘፍ ያደረ የ50 ዓመት ሰው ጠዋት ተነሥቶ ዳገት መውጣት ይከብደዋል፤ የልደቱም ደስታ እዚያው ድንኳን ውስጥ ያልቃል።

የት ይኬዳል

ምርጫው በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው፦ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያሉ ቆላማ በረሃዎች፣ የአትላንቲክ ደሴቶች፣ ወይም ወቅቱ የፀሐይ ወቅት የሆነበት የደቡቡ ንፍቀ ክበብ።

ከበረሃዎቹ የአሜሪካውን ጥልቅ ሸለቆ ግራንድ ካንየንን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ከፍታ በሙቀት ላይ የሚሠራውን በአንድ ቀን መንገድ ያሳያልና። ደቡባዊው አፋፍ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በጃንዋሪ በአማካይ ቀኑ 5 ዲግሪ ሲሆን ሌሊቱ ከዜሮ በታች 8 ይደርሳል። ታች ኮሎራዶ ወንዝ አጠገብ ያለው ብራይት ኤንጅል ካምፕ ግን 750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቀኑ 13፣ ሌሊቱ 3 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚህ የምንወስደው ስሌት በየትኛውም አገር ይሠራል፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። የአየር ትንበያው የወጣለት ከተማ ከካምፓችሁ በስንት ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል አስሉ፤ ትንበያ የሚወጣው ለከተማው እንጂ ድንኳናችሁ ለሚተከልበት ሸንተረር አይደለም።

የግራንድ ካንየን መንገድ በዚህ ወቅት የሚያስቸግረው ከላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጥላ ውስጥ ስለሚውሉ የተረገጠው በረዶ ወደ ግግርነት ይለወጣል፤ ጫማ ላይ የሚጠለቅ የብረት ጥርስ ሳይዙ መውረድ አይገባም። ሳውዝ ካይባብ የሚባለው መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ውሃ የለበትም፤ በእሱ ወርዶ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በብራይት ኤንጅል መንገድ መውጣት ይሻላል። ከወንዙ እስከ አፋፉ ያለው ከፍታ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ዕድሜው ለገፋ ሰው መውጫውን ለሁለት ቀን ከፍሎ በግማሽ መንገድ ሃቫሱፓይ ጋርደንስ ካምፕ ማደር ነው የምንመክረው። በአንድ ቀን የሚወጣም አለ፤ ግን ልደቱን አክብሮ ሲመለስ ጉልበቱን ታሞ የሚከርም ሰው ማየት አንፈልግም።

13 ዲግሪ ሙቀት አይባልም የሚል ካለ ወደ ደቡብ ይውረድ። ቴክሳስ ውስጥ ያለው ቢግ ቤንድ ብሔራዊ ፓርክ ይበልጥ ይሞቃል። አውተር ማውንቴን ሉፕ የሚባለው ዙር 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ብዙውን ጊዜ በ3 ቀን ይጠናቀቃል። የሚያስቸግረው ብርዱ ሳይሆን ጥሙ ነው። ምንጮቹ አይታመኑም፤ ስለዚህ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በመኪና ሄዶ ሆመር ዊልሰን ራንች ከሚባለው ቦታ ባሉት ማስቀመጫዎች ውስጥ፣ ስምና የሚነሣበት ቀን በተጻፈበት ዕቃ ውሃ ማኖር የተለመደ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 3.8 ሊትር ይታሰባል። ይህን ማድረግ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ የጉዞውን ቀን ስትቆጥሩ ይህችን ግማሽ ቀን አትርሱ።

ድንኳን መሸከም ለማይፈልግ ቡድን በአትላንቲክ ያሉት የስፔን ካናሪ ደሴቶች ይመቻሉ። በጃንዋሪ በባሕሩ ዳርቻ ቀኑ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጂ አር 131 የሚባለው ምልክት የተደረገበት ረጅም መንገድ ደሴቶቹን ያቋርጣል፤ ከሁሉም ላ ጎሜራ የምትባለውን ደሴት እንመርጣለን። ከትልቁ ደሴት ከቴኔሪፌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ መንገዱ ከባሕር ተነሥቶ የጋራጆናይን ጥንታዊ ደን ያቋርጣል፤ ጫፉ 1,487 ሜትር ነው። በየሜዳው ድንኳን መትከል ስለማይፈቀድ ማደሪያው መንደር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚታዘለው ከ6 እስከ 7 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። እዚህ የሚያሳስተው ነገር ሌላ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ደመናውን ደኑ ላይ ስለሚያስቀምጠው ባሕር ዳር ቁምጣ ለብሶ የተነሣ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ በጉም ርሶ ይንቀጠቀጣል። ዝናብ ልብሱ ከቦርሳው አናት ይሁን። አልፎ አልፎም ከሰሃራ አቧራ ያዘለ ነፋስ ይመጣል፤ አስም ያለበት ሰው ካለ መድኃኒቱን ከእጁ አይለይ።

የደቡቡ ንፍቀ ክበብ በእነዚህ ወራት ቀኑ ረጅም ነው፤ ሌሊቱን የተመለከተው ችግር ይቀልና በምትኩ የቦታ እጥረት ይመጣል። የኒውዚላንዱ ሚልፎርድ ትራክ 53.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዋናው ወቅት በራሱ የሚሄድ መንገደኛ በቀን 40 ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ምዝገባው እንደተከፈተ ያልቃል። ድንኳን አይፈቀድም፣ በጎጆዎቹ ብቻ ነው የሚታደረው። ዝናቡም በዓመት ከ6 ሜትር በላይ ስለሆነ ደረቅ ጉዞ አትጠብቁ። ወደ ኒውዚላንድ ያገለገለ ጫማና ድንኳን የሚያስገባ ሰው ዕቃውን ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ጭቃና ዘር ከሶሉ ላይ በብሩሽ ይጽዳ። በደቡብ ቺሌ፣ ፓታጎኒያ በሚባለው አካባቢ ያለው ቶሬስ ዴል ፓይኔ ፓርክ ደግሞ በየምሽቱ የሚታደርበት ካምፕ አስቀድሞ ካልተያዘ አያስኬድም። ከብርዱ ይልቅ ነፋሱ ነው የሚያስቸግረው፤ ድንኳኑ በዘንግ ብቻ ሳይሆን በብዙ ገመድ የሚወጠር መሆን አለበት። እውነቱን ለመናገር ፓታጎኒያ ለሙቀት ሲባል የሚኬድበት አገር አይደለም።

የሐሩር ደሴቶችን በተመለከተ ባጭሩ፦ ከመወሰናችሁ በፊት የዝናባቸውን ወራት እዩ። የሃዋዩ ካላላው መንገድ ለምሳሌ በዚህ ወቅት ዝናባማ ነው፤ የሚሻገሩት ወንዞች በደቂቃዎች ውስጥ ሞልተው መንገደኛን ማዶ ያስቀራሉ። ለልደት ጉዞ ይህ ጥሩ አይደለም፤ የመመለሻው በረራ አይጠብቅምና።

ከልደቱ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

ፈቃድ የሚያስፈልገው ቦታ ከሆነ ሥራው የሚጀመረው ከ6 እስከ 12 ወር አስቀድሞ ነው። የግራንድ ካንየን የማደሪያ ፈቃድ መጀመሪያ ዕጣ የሚወጣለት ሲሆን ማመልከቻው ከጉዞው ከ4 ወር በላይ ቀድሞ ይገባል። እዚያ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ከ1 እስከ 6 ሰው ትንሽ ቡድን ነው፣ ከ7 እስከ 11 ሰው ትልቅ ቡድን ነው፣ ለትልቅ ቡድን የተመደበው ቦታ በጣም ጥቂት ነው። ሰባተኛ ሰው በመጨመር ፈቃዱን ማጣት ይቻላል። በአጠቃላይም ቢሆን ለልደት ጉዞ ከ4 እስከ 6 ሰው በቂ ነው። መምጣት የፈለገ ወዳጅ ሁሉ ካለ ጉዞው ካለቀ በኋላ ባለው ምሽት እራት ላይ ይቀላቀል።

ማመልከቻው ላይ ልደቱ የሚውልበትን ሳምንት ብቻ አትሙሉ። ቅጹ አማራጭ ቀን የሚቀበል ከሆነ ሦስት ቀን ወደ ፊትና ሦስት ቀን ወደ ኋላ ያለውን ጨምሩ። ፈቃዱን የሚያወጣው ሰው ባለልደቱ ባይሆን ይመረጣል፤ ብዙ ቦታ ፈቃዱ የወጣበት ሰው በጉዞው ላይ መገኘት ስላለበት ከቡድኑ የመቅረት ዕድሉ አነስተኛ የሆነው ሰው ይሁን፤ ተተኪ መሪ ማስመዝገብ የሚቻል ከሆነም ይመዝገብ። ፈቃዱ ሳይገኝ ቢቀርስ? ከመጀመሪያውኑ ፈቃድ የማይጠይቅ ወይም በቀላሉ የሚገኝበት ሁለተኛ ቦታ በዚያው አካባቢ ምረጡ፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ለሁለቱም እንዲያገለግል።

ልደቱ ከፈረንጆቹ ገና እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ባለው ሳምንት የሚውል ሰው ትኬቱም ማደሪያውም የሚወደድበት ወቅት ላይ ነው። የሚቻል ከሆነ ልደቱ የጉዞው የመጨረሻ ቀን ወይም የመጀመሪያ ቀን እንዲሆን አድርጎ የቀሩትን የጉዞ ቀናት ከበዓሉ ሳምንት በፊት ወይም በኋላ ወዳለው ጊዜ መሳብ ብዙ ያቀላል።

ድንገተኛ ደስታ ለመፍጠር ጉዞውን ከባለልደቱ መደበቅ በጎ ሐሳብ ይመስላል፤ አይሠራም። ፓስፖርቱ፣ መድኃኒቱ፣ የለመደው ጫማ፣ የሰውነቱ ዝግጅት ሁሉ የእሱ ፈቃድና ጊዜ ይፈልጋሉ። ድንገተኛ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ወደኋላ እንመጣበታለን።

በአንድ ቀን ስንት ይኬዳል

ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በተጨማሪም ለሚወጣ 600 ሜትር ከፍታ አንድ ሰዓት። ይህ ግን ጠንካራ፣ ሸክሙ ቀላል የሆነ ሰው ስሌት ነው። 12 ወይም 14 ኪሎ ግራም ለተሸከመና ዕድሜው ለገፋ ሰው ግማሹን ጨምሩበት። ምሳሌ እንውሰድ፤ 12 ኪሎ ሜትርና 600 ሜትር ዳገት ቢሆን ስሌቱ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሰጣል፤ ግማሹ ሲጨመር 5 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይሆናል፤ የዕረፍትና የምሳ አንድ ሰዓት ሲታከል ከ6 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

አሁን ብርሃኑን ቁጠሩ። በዲሴምበር መጨረሻ በግራንድ ካንየን ኬክሮስ የቀኑ ርዝመት 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በካናሪ ደሴቶች 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። ጠዋት ድንኳን ለማጠፍ አንድ ሰዓት፣ ከፀሐይ መግቢያ በፊት ደግሞ ድንኳን ለመትከልና ውሃ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀነስ ለመንገድ የሚቀረው 7 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው 12 ኪሎ ሜትር ጣሪያው ነው። በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ ከገደሉ ጀርባ ቀድማ ስለምትሰወር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ካምፕ መድረስ ይገባል። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ላይ የሚያስረው ባትሪና ቅያሪ ድንጋይ ይያዝ፤ ለ14 ሰዓት ጨለማ አንድ ባትሪ ለሁለት ሰው አይበቃም።

ሌሊቱን ማሸነፍ

ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ሲገዛ ወይም ሲከራይ ሁለት ቁጥር ይጻፍበታል፣ ኮምፈርት (ተመችቶ የሚታደርበት ሙቀት) እና ሊሚት። ሱቅ ውስጥ በትልቁ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ሊሚቱ ነው፤ እሱ ተኮራምቶ የሚያድር ሰው ቁጥር ነው። ኮምፈርቱን እዩ፤ ከሚጠበቀው የሌሊት ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያለ ይሁን። ሌሊቱ 3 ዲግሪ ነው ከተባለ ኮምፈርቱ ከዜሮ በታች 2 የሆነ ይበቃል። ዕድሜ ሲገፋና ሰውነት ሲደክም ብርዱ ስለሚበረታ እዚህ ላይ ጥቂት መቶ ግራም ለማትረፍ አትሟገቱ።

ብዙ ሰው የሚበርደው ግን ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ከጀርባ ስር የታመቀው የስሊፒንግ ባግ ላባ አያሞቅም፤ መሬቱን የሚመክተው ምንጣፉ ነው። የምንጣፍ የሙቀት መከላከያ አቅም አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ለዜሮ አካባቢ ሌሊት ከ3 እስከ 4 ያስፈልጋል። ሁለት ምንጣፍ ቢደረብ ቁጥሩ ይደመራል፤ በአየር የሚነፋው 3 ቢሆንና ከሥሩ 2 የሆነ ስስ የፎም ምንጣፍ ቢነጠፍ 5 ይሆናል። በረሃ ውስጥ ይህ ድርብ ጥቅም አለው። የቁልቋል እሾህ ድንኳኑን አልፎ የሚነፋውን ምንጣፍ ይበሳዋል፤ ፎሙ ከሥር ካለ እሾሁን ይይዘዋል፤ ቢበሳም እንኳ ሌሊቱ ፎም ላይ ያልፋል። መለጠፊያው ከመጠገኛው ሙጫ ጋር ከቦርሳው የማይወጣ ዕቃ ነው።

ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ከዕቃው እኩል ይወስናል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ሸለቆው ወለል ይወርዳል፤ ከወለሉ 20 ወይም 30 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ እርከን በብዙ ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ጤዛውም ይቀንሳል። የደረቀ ወንዝ አሸዋ ለጥ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ያማልላል፤ እዚያ አትተኙ። ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ እናንተ ኮከብ እየቆጠራችሁ ሳለ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በቋጥኙ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍና ጉዝጓዝ ካያችሁ ውሃው እስከዚያ እንደሚደርስ ምልክቱ ነው።

ለመኝታ ብቻ የሚለበስ ደረቅ ሙሉ የውስጥ ልብስ፣ ቆብና ካልሲ ለብቻ በላስቲክ ይታሰር፤ ቀን ላብ የነካው ልብስ ቢደርቅም አይለበስ። ከመተኛት በፊት ትኩስ ውሃ በማይፈስ ጠርሙስ ሞልቶ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስገባት እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ያሞቃል። ከ50 ዓመት በላይ ሌሊት መነሣት ስለሚበዛ አፉ ሰፊ የሆነ፣ በግልጽ ምልክት የተደረገበት አንድ ሊትር የሽንት ጠርሙስ ማዘጋጀት አሳፋሪ አይደለም፤ ይህን በመድረክ የሚናገር ስለሌለ ነው የምንጽፈው።

ውሃ

በእነዚህ ወራት ሙቀቱ ለስላሳ ስለሆነ ሰው መጠጣት ይረሳል፤ በደረቅ አየር ላቡ ወዲያው ስለሚተን የጠፋው ውሃ አይታየውም። በዳገት ላይ ለሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ፀሐዩ ሲበረታ እስከ አንድ ሊትር አስቡ። ማታ ውሃ የሌለበት ካምፕ የሚታደር ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦ ለመንገድ 3 ሊትር፣ ለእራትና ለቁርስ 1.5 ሊትር፣ በማግስቱ እስከሚቀጥለው ውሃ ድረስ 1 ሊትር። ለአንድ ሰው 5.5 ሊትር ነው፣ ማለትም 5.5 ኪሎ ግራም። ለስድስት ሰው 33 ሊትር። የቦርሳው ክብደት ሲታሰብ ይህ ከግምት ካልገባ በሁለተኛው ቀን ወገብ ይናገራል። ሙሉ ሸክሙ ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 14 ማለት ነው። ውሃውን አንድ ትልቅ ዕቃ ውስጥ አታድርጉ፤ ቢቀደድ ሁሉም ይሄዳል። ሦስት አራት ጠርሙስ ይሻላል።

በብርድ ወራት ከሚበላሹ ዕቃዎች ሁሉ አደገኛው የውሃ ማጣሪያው ነው። በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዴ ውሃ ከነካቸው በኋላ ከቀዘቀዙ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁ አይታይም፤ ውሃው እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ጀርሙም አብሮ ያልፋል። ማታ ማታ ማጣሪያውን አራግፎ በላስቲክ አስሮ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገብቶ መተኛት ነው። ቀዝቅዞ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ካለ ይጣል፤ ለዚህም ነው የክሎሪን ዳይኦክሳይድ ኪኒን በመጠባበቂያ የሚያዘው። ኪኒኑ አብዛኛውን ጀርም በ30 ደቂቃ ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ለመግደል ግን እስከ 4 ሰዓት ይፈልጋል። በማታ ጨምሮ በጠዋት መጠጣት ጥሩ ልማድ ነው። የኮሎራዶን የመሰለ ደለል ያዘለ ውሃ በቀጥታ ማጣሪያው ውስጥ አይገባም፤ በሰፊ ዕቃ አሳድሮ ከላይ የጠራውን መቅዳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማጣሪያው ይደፈናል።

ጨው የሌለበት ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣትም ያማል። የደም ሶዲየም ሲወርድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ይመጣል፤ ጥም ነው ተብሎ ሌላ ውሃ ቢሰጥ ይብሳል። ጨዋማ ነገር መቀማመስ በቂ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከመጣ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ሳይቆለል ለጥ ብሎ በተሞላ የሻይ ማንኪያ 6 ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ በቀስ ማጠጣት ነው። የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይም ሽንት የሚያበዛ፣ የሚወስድ ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌንም ውሃ ባጠረው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ለጉልበት ሕመም በየቀኑ መዋጥ አይገባም።

ምድጃና ስንቅ

ጋዝ በአውሮፕላን አይጫንም፤ በደረሱበት ይገዛል፤ መድረሻው ከሱቅ መዝጊያ ሰዓት ጋር ይገናዘብ። ግማሽ ሊትር ውሃ ለማፍላት 8 ግራም ያህል ጋዝ ይበቃል። ሁለት ሰው ጠዋት አንድ ሊትር፣ ማታ አንድ ሊትር ቢያፈላ በቀን 32 ግራም ነው፤ የ100 ግራሙ ለ3 ቀን፣ የ230 ግራሙ ለአንድ ሳምንት ይሄዳል። ቡቴን ብቻ የያዘው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚዳከም አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ምረጡ። ደረቅ ስንቅ ለአንድ ሰው በቀን ከ600 እስከ 800 ግራም ነው። ቁራና ሽኮኮ መሰል እንስሳት ቦርሳ ዚፕ ከፍተው ይዘርፋሉ፤ ካምፑ የብረት ሳጥን ካለው ጣፋጭ የሚሸት ነገር ሁሉ እዚያ ይግባ፤ የጥርስ ሳሙናም ጭምር።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሄደው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። እሱንም ስልኩንም ሌሊት ከጎን ይዛችሁ ተኙ፤ ብርድ ባትሪን ያደክማል።

ሰውነትን ማዘጋጀት

12 ሳምንት ይበቃል። በሳምንት ሦስት ጊዜ መራመድ፣ በ5 ኪሎ ግራም ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ገደማ እየጨመሩ እስከ 12 መድረስ። ሰው ሁሉ የሚለማመደው ዳገት ነው፤ ጉልበትንና ጭንን የሚያሳምመው ግን ቁልቁለቱ ነው። ደረጃ ባለበት ሕንፃ ሸክም ይዞ ቀስ ብሎ መውረድ ከሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። በ9ኛውና በ10ኛው ሳምንት በተከታታይ ሁለት ቀን ሙሉ ሸክም ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን የሁለተኛው ጠዋት ነው ችግሩን የሚያወጣው። የመጨረሻውን ሳምንት አቅልሉ። ጫማው በግማሽ ቁጥር የሚሰፋና በልምምዱ የተላመደ ይሁን። እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት መፋጀት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ቆሞ ቦታውን አድርቆ ፕላስተር መለጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እስከ ካምፕ ልድረስ ብሎ የታገሠ ግን ቀሪውን ጉዞ ያነክሳል።

የልደቱ ቀን

የልደቱን ቀን ለጉዞው አጭር ቀን አድርጉት። ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር፣ ብዙ ዳገት የሌለበት፣ እስከ እኩለ ቀን ካምፕ የሚገባበት። ብዙዎች ልደቱን የጫፍ ቀን ያደርጉታል፤ ደክሞት የገባ ሰው ግን ሻማውን ሳያይ ይተኛል፣ አየሩ ተበላሽቶ ጫፉ ቢቀርም ልደቱ አብሮ ይበላሻል። ጫፉ በዋዜማው ይሁን፤ ወይም ለማግስቱ ይቆይ። በዚያን ቀን ከባለልደቱ ቦርሳ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ወስዶ ለሌሎቹ ማከፋፈል ከብዙ ስጦታ ይበልጣል።

ኬክ ከሆነ ክሬም የሌለበት፣ ደረቅና ጠጣር ዓይነት በድስቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ለ3 ቀን ይቆያል። ካልሆነ 250 ግራም ዱቄት ከወተት ዱቄት፣ ከጥቂት ስኳርና ከቤኪንግ ፓውደር ጋር በላስቲክ ተመጥኖ ይምጣ፤ በቦታው በውሃ ተለውሶ በዝቅተኛ እሳት መጥበሻ ላይ እየተጋገረ ሲደራረብ ለአራት ሰው ይሆናል። ቀስ ብሎ ካልተጋገረ ውጭው ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ይቀራል፤ መጥበሻውን ከእሳቱ አፍ ላይ ማዟዟር ነው። እሳት የተከለከለበት ቦታ ሻማም እሳት ነው፤ በባትሪ የሚበራ ትንሽ መብራት ይተካው። ብርጭቆ፣ ፊኛና ብልጭልጭ ወረቀት ቤት ይቅሩ።

ያ 14 ሰዓት ጨለማ ለልደት ሲሆን ጥሩ ጊዜ ይሆናል። መምጣት ያልቻሉ ወዳጆችና ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲጽፉ አስቀድሞ ሰብስቡ፤ ለባለልደቱ አትንገሩት። ሃያ ደብዳቤ መቶ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ከእራት በኋላ ሁሉም ስሊፒንግ ባጉን ተከናንቦ፣ ትኩስ ነገር ይዞ፣ አንድ ሰው እየተፈራረቀ ሲያነብ ሁለት ሰዓት ሳይታወቅ ያልፋል። ወረቀት ይሁን እንጂ ስልክ አይሁን፤ ባትሪው ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል።

ከመነሣት በፊት

የጉዞ መድን ስትገቡ ድንኳን ይዞ በተራራ መጓዝን የሚሸፍን፣ በሄሊኮፕተር ማውጣትንም የሚጨምር መሆኑን ከውሉ ላይ አንብቡ፤ የዕድሜና የከፍታ ገደብ ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ፊደል ይጻፋል። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ለሚይዝ ቡድን፣ እንደ ህንድ ባሉ አገሮች ያለ ፈቃድ መያዝ ስለሚያስቀጣ አስቀድሞ ይጣራ። መድኃኒት ሁለት ቦታ ተከፍሎ በሁለት ሰው ቦርሳ ይያዝ።

ቤት ለሚቀር አንድ ሰው የየቀኑ ካምፕ ስም፣ የሁሉም ሰው ስምና ሕመም ካለበትም እሱ፣ የድንኳኖቹ ቀለም፣ መኪና ካለ ሰሌዳውና የቆመበት ቦታ፣ የፈቃዱ ቁጥር በጽሑፍ ይሰጠው። ከዚህ ጋር አንድ ሰዓት ይጻፍለት፤ ለምሳሌ «እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ካልደወልን»። ሰዓቱ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚደወለው ለፓርኩ የነፍስ አድን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ለውጭ አገር ጥሪ ከሚያስፈልገው የአገር መለያ ጋር እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።